የዝሆን ጥርስ ጉልበት
የፕሮፌሰር ቴሚስቶክለስ ግሉክ ሕይወትና ለአጥንት ሕክምና ያቆዩት ትምህርት

በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ታላላቅ ሰዎች አሉ። አንደኞቹ በሕይወት ሳሉ ተመስግነው፣ ካለፉም በኋላ ስማቸው በየመማሪያ መጽሐፉ ሲጠራ የሚኖር ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ ዘመናቸው ሳይደርስላቸው ቀድመው የመጡ፣ የጀመሩት ሥራ በእጃቸው ላይ የከሸፈባቸው፣ ነገር ግን የከሸፈው ሥራ ራሱ ለተከታዩ ትውልድ መሠረት የሆነ ናቸው። የበርሊኑ ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር ቴሚስቶክለስ ግሉክ ከነዚህ ከሁለተኞቹ ወገን ይመደባሉ።

ዛሬ ያረጀ ጉልበት በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሲለወጥ፣ ወይም በመግል የተቦረቦረ አጥንት አንቲባዮቲክ በተጫነበት ሴራሚክ ሲሞላ፣ ባለሙያው በሥራው ላይ ሳለ ስለ ግሉክ አያስብ ይሆናል። ይሁን እንጂ ለሁለቱም ሥራዎች መንገዱን ከጠረጉት ቀደምት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ለመጀመሪያው በፈጠራቸው፣ ለሁለተኛው ደግሞ በውድቀታቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ለማኅበራችን አባላትና ለሙያ ባልደረቦቻችን በአጭሩ ማቅረብ፣ ከታሪካቸውም የሚገኘውን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ቴሚስቶክለስ ግሉክ ኖቬምበር 30 ቀን 1853 በሞልዳቪያ ዋና ከተማ በያሺ ተወለዱ። ያሺ ዛሬ በሩማንያ ግዛት ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። አባታቸው በዚያ አገር ይሠሩ የነበሩ ስመ ጥር ጀርመናዊ ሐኪም ነበሩ። ልጅየው የአባቱን ሙያ ለመከተል ቆርጦ ወደ ጀርመን አገር በመሄድ በላይፕሲግና በበርሊን ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምናን አጠና።

በዚያን ጊዜ በርሊን የሕክምና ሳይንስ ዋና ማዕከል ከሆኑት ከተሞች አንዷ ነበረች። በሽታ ሁሉ መነሻው ሴል ነው የሚለውን ትምህርት ያስፋፉት ሩዶልፍ ፊርኾ በዚያው ያስተምሩ ነበር። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በበርንሃርድ ፎን ላንገንቤክ ይመራ ነበር። ላንገንቤክ በ1860 ለቀዶ ሕክምና የተለየ መጽሔት ያቋቋሙ፣ በ1872 የጀርመን የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ሲመሠረት ግንባር ቀደም የነበሩ፣ በሽታ የያዘውን እግር ወይም እጅ እንዳለ ከመቁረጥ ይልቅ የታመመውን መገጣጠሚያ ብቻ ማውጣት ይሻላል ብለው ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ወጣቱ ግሉክ ከነዚህ ከሁለቱ መምህራን ሁለት ነገር ወረሱ ለማለት ይቻላል። ከፊርኾ በእንስሳት ላይ እየሞከሩ፣ በማይክሮስኮፕ እያዩ መመራመርን፣ ከላንገንቤክ ደግሞ የበሽተኛውን አካል በተቻለ መጠን ሳይጎድል ማቆየትን።

ላንገንቤክ በ1882 ከሥራ ሲገለሉ በቦታቸው የተተኩት ኧርንስት ፎን ቤርግማን ናቸው። ቤርግማን በ1836 በሪጋ የተወለዱ፣ በበርሊን የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችንና ጨርቆችን በእንፋሎት ኃይል ከጀርም የማጽዳትን ዘዴ በ1886 ገደማ በሥራ ላይ ያዋሉ፣ በዘመናቸው የጀርመን ቀዶ ሕክምና ራስ ተብለው የሚታወቁ ሰው ነበሩ። ግሉክም በእሳቸው ሥር ሆነው ሥራቸውን ቀጠሉ። የሁለቱ ሰዎች ግንኙነት በኋላ የግሉክን የሕይወት አቅጣጫ የለወጠ በመሆኑ አንባቢ ይህን ስም በልቡ ይያዝ።

ርብራብ የሚለው ሐሳብ

ግሉክ ከተማሪነታቸው ጊዜ ጀምሮ አእምሯቸውን የያዘው አንድ ጥያቄ ነበር። ከሰው አካል አንዱ ክፍል ሲጎድል፣ ክፍተቱ በምን ሊሞላ ይችላል? በመጀመሪያ ምርምራቸውን ያተኮሩት በነርቭ ላይ ነው። የተቆረጠ ነርቭ ሁለቱ ጫፎች ተገናኝተው ሲሰፉ መልሰው እንደሚያገግሙ በእንስሳት ላይ አጠኑ። ጫፎቹ ተራርቀው ሊገናኙ በማይችሉበት ጊዜስ? ለዚህ በ1880 ገደማ ከአንድ እንስሳ የተወሰደ ነርቭ ወደ ሌላው ማዛወርን ሞከሩ። ደግሞም ኖራው በአሲድ ከወጣለት አጥንት የተሠራ ቱቦ በሁለቱ የነርቭ ጫፎች መካከል በማስገባት ነርቩ በቱቦው ውስጥ እየተመራ እንዲያድግ ለማድረግ ጣሩ። ይህኛው ሙከራ አልሰመረም። ሐሳቡ ግን በዓይነቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በመሆኑ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ያነሡታል።

ከነርቭ ወደ ጅማት ተሻገሩ። ጅማት ተበጥሶ በመካከሉ ሰፊ ክፍተት ሲፈጠር፣ ክፍተቱን ከእንስሳት አንጀት በሚሠራው ካትጋት በሚባለው ክርና በሐር ጥቅል አገናኙት። የተገናኘበት ክር ለጊዜው እንደ ድልድይ ሆኖ ያገለግላል፤ የአካሉ ሕያው ሥጋ በክሩ ላይ እየተንፏቀቀ ክፍተቱን ይሞላል፤ ካትጋቱም በመጨረሻ ይሟሟል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። ቤት ሲሠራ ግንበኛው የሚቆምበትን ርብራብ ሁላችንም እናውቀዋለን። ርብራብ የቤቱ አካል አይደለም፤ ነገር ግን ያለ ርብራብ ግንቡ አይነሣም፤ ግንቡ ከቆመ በኋላም ርብራቡ ይፈርሳል። ዛሬ የቲሹ ምሕንድስና እየተባለ የሚጠራው ሙያ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ሕዋሳት ተደግፈው የሚያድጉበት ቀዳዳማ ርብራብ ይሠራል፤ አካሉ የራሱን አጥንት በላዩ ይገነባል፤ ርብራቡም ቀስ በቀስ እየሟሟ ቦታውን ይለቃል። ግሉክ ቲሹ ምሕንድስና የሚለውን ስም ባያውቁትም፣ የተተከለ ባዕድ ነገር ለአካል መሪና ደጋፊ ሊሆን እንደሚችል በ1880ዎቹ ይከራከሩ ነበር። በ1890 በበርሊን የሕክምና ሳምንታዊ ላይ ባወጡት ጽሑፍ ከራስ አካል ተወስዶ የሚተከለውን፣ ከሌላ አካል የሚዛወረውንና ባዕድ የሆነውን ቁስ በአንድ ርእስ ሥር አጣምረው አቅርበዋል።

የዘመኑ መቅሠፍት

ግሉክ ወደ አጥንትና ወደ መገጣጠሚያ የተሳቡት በዘመኑ በነበረው ከባድ ችግር ምክንያት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ትላልቅ ከተሞች በቲቢ በሽታ ይታመሱ ነበር። በሽታው ሳንባን ብቻ ሳይሆን የአከርካሪን፣ የዳሌን፣ የጉልበትንና የእጅ አንጓን አጥንት ይበላ ነበር። ሮበርት ኮኽ የበሽታውን ባሲለስ ማግኘታቸውን በዚያችው በበርሊን ማርች 24 ቀን 1882 አስታወቁ። ጠላቱ ታወቀ፤ መሣሪያው ግን አልተገኘም ነበር።

ጉልበቱ በቲቢ ለተበላ ወጣት የነበረው ምርጫ በጣም ጠባብ ነበር። ወይ እግሩ ይቆረጣል፤ ወይ የታመመው መገጣጠሚያ ወጥቶ ሁለቱ አጥንቶች እንዲጣበቁ ተደርጎ እግሩ እንደ በትር ደርቆ ይቀራል፤ ወይ ደግሞ መግሉ እየፈሰሰ ዓመታት ይቆያል። ግሉክ አራተኛ መንገድ ፈለጉ። የተበላው መገጣጠሚያ ይወጣል፤ በቦታውም የሚታጠፍና የሚዘረጋ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይተከላል።

ለዚህ የመረጡት ቁስ የዝሆን ጥርስ ነው። ምርጫው የዘፈቀደ አልነበረም። የዝሆን ጥርስ ብሎን ያልተጋጠሙ ስብራቶችን ለማያያዝ ከእሳቸው በፊት በነበሩ ቀዶ ሐኪሞች ይሠራበት ነበር። እሳቸውም ቁሱን በእንስሳት ላይ ሞክረው አካል እንደሚታገሠው አይተዋል። ዛሬ በምናውቀው ኬሚስትሪ ሲመዘን ደግሞ ምርጫቸው ይበልጥ ያስደንቃል። የዝሆን ጥርስ ከክብደቱ አብዛኛው ከአጥንት ማዕድን ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የካልሲየም ፎስፌት ሲሆን የቀረው በአመዛኙ ኮላጅን ነው። በሌላ አነጋገር ተፈጥሮ የሠራችው የሴራሚክና የፕሮቲን ውሑድ ነው።

መገጣጠሚያው በአጥንቱ ውስጥ እንዳይነቃነቅም ዘዴ ፈጠሩለት። የዝሆን ጥርሱ እግሮች በጭኑና በቅልጥሙ አጥንት መቅኔ ውስጥ ይገባሉ፤ በዙሪያቸውም ከጀሶ፣ ከተፈጨ ፑሚስ ድንጋይና ኮሎፎኒ ከሚባለው የጥድ ሙጫ የተቀመመ ሲሚንቶ ይፈስሳል። ጀሶ የካልሲየም ሰልፌት ሴራሚክ ነው፤ ፑሚስም ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ ቀዳዳማ መስተዋት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በ1960ዎቹ የዳሌ መገጣጠሚያን በአክሪሊክ ሲሚንቶ በማጽናት ዓለም አቀፍ ዝናን ያተረፉበት መሠረተ ሐሳብ ሰባ ዓመት ቀድሞ በበርሊን ተሞክሮ ነበር ማለት ነው።

የ1890 ዓመት

ሜይ 20 ቀን 1890 ግሉክ ጉልበቷ በቲቢ ለተበላ አንዲት የ17 ዓመት ልጃገረድ በማጠፊያ የተያያዘ የዝሆን ጥርስ ጉልበት ተከሉላት። በሕክምና ታሪክ የተመዘገበ የመጀመሪያው ሙሉ የጉልበት መገጣጠሚያ ተከላ ይህ ነው። በዚያን ጊዜ ግሉክ የ36 ዓመት ሰው ነበሩ። የራጅ ጨረር ገና አልተገኘም፤ ሮንትገን ያገኙት ከአምስት ዓመት በኋላ በ1895 ነውና። የደም ዓይነት ተለይቶ አልታወቀም፤ አንቲባዮቲክም የሚባል ነገር የለም። ሐኪሙ የአጥንቱን ልክ የሚያውቀው ከፍቶ ሲያየው ብቻ ነበር።

በሚቀጥሉት ሳምንታትና ወራት የእጅ አንጓንና ሌሎች መገጣጠሚያዎችን ጨምሮ ከአሥር በላይ ተከላዎች አከናወኑ። የመጀመሪያው ውጤት ያስደስት ነበር። ቁስሉ ተዘጋ፤ ሕመሙ ቀነሰ፤ ደርቆ ይቀር የነበረው መገጣጠሚያ ታጠፈና ተዘረጋ። ግሉክም ለባልደረቦቻቸው በሽተኞቻቸውን እያቀረቡ አሳዩ።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር አሥረኛው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ በበርሊን ተሰበሰበ። ከየአገሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሐኪሞች መጡ። ለጀርመን የሕክምና ሳይንስ ይህ ጉባኤ የክብር መድረክ ነበር። ግሉክ ሥራቸውን በዚህ ጉባኤ ላይ ለማቅረብ ተዘጋጁ። ቤርግማን ግን ከለከሏቸው። የጀርመን ቀዶ ሕክምና መሪ እንደመሆናቸው ይህ ያልበሰለ ሥራ በዓለም ባለሙያዎች ፊት ቀርቦ የአገሩን ሳይንስ እንዲያዋርድ እንደማይፈቅዱ፣ እሳቸውና ደቀ መዛሙርታቸውም ባላቸው መንገድ ሁሉ እንደሚቃወሙት አስታወቋቸው ይባላል። ግሉክ መድረኩን አጡ። የቀራቸው መንገድ ጽሑፍ ብቻ ስለነበር በ1891 ላንገንቤክ ባቋቋሙት መጽሔት ላይ ሰፊ ዘገባ አወጡ።

በዚያው ጉባኤ ላይ የሆነ ሌላ ነገርም አለ። ኦገስት 4 ቀን 1890 ሮበርት ኮኽ በጉባኤው ፊት ቆመው የቲቢ ባሲለስን እድገት በእንስሳት አካል ውስጥ የሚያግት ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን አስታወቁ። ዓለም በደስታ ተናወጠ። የሳንባም የአጥንትም ሕሙማን ወደ በርሊን ጎረፉ። ሆኖም ቱበርኩሊን የተባለው ይህ መድኃኒት በ1891 እንደማይፈውስ፣ በአንዳንዶቹም ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ ታወቀ፤ የቀረለትም ጥቅም በሽታውን መመርመሪያ መሆን ነው።

እንግዲህ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ወር፣ ሁለት ሰዎች አንዱን በሽታ በሁለት በኩል ይዘውት ነበር። ግሉክ ቁሱን ይዘዋል፤ መድኃኒት ግን የላቸውም። ኮኽ መድኃኒቱን አገኘሁት ብለዋል፤ መድኃኒቱ ግን መድኃኒት አልነበረም። ለኮኽ መድረኩ ተከፈተ፤ ለግሉክ ተዘጋ። የሁለቱም ተስፋ ግን በአንድ ባሲለስ ፊት ወደቀ።

የከሸፈበት ምክንያት

የግሉክ መገጣጠሚያዎች ዕጣ ያሳዝናል። ጊዜ ባለፈ ቁጥር በተከላው ዙሪያ መግል ይቋጥር ጀመር፤ መግሉም ወደ ውጭ እየቦረቦረ ፊስቱላ ፈጠረ። የእጅ አንጓ የተተከለለት በሽተኛ እጁን ማንቀሳቀስ እየቻለ መግሉ ግን ሳይደርቅ ቀረ። ሌሎቹም ተከላዎች ውለው አድረው የመጨረሻ ዕጣቸው ይኸው ሆነ።

ምክንያቱ ለዛሬ ባለሙያ ግልጽ ነው። ቲቢ የበላው አጥንት ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢጠረግ ባሲለስ በሥሩ ይቀራል። በዚህ ላይ ደም የማይደርስበት ባዕድ ነገር ሲተከል፣ በደም የሚመጡት የአካል ተከላካዮች ወደ ቁሱ ገጽ አይደርሱም፤ ባክቴሪያም በዚያ ገጽ ላይ ተጣብቆ ሽፋን ሠርቶ ይሸሸግበታል። የግሉክ ሥራ በመካኒኩ በኩል ጉድለት ቢኖረውም ዋናው ጠላት መካኒክ አልነበረም። መገጣጠሚያው ሊቆም የሚችለው በንጹሕ አጥንት ላይ ብቻ ነበር፤ የተተከለው ግን ንጹሕ ለመሆን በማይችል አጥንት ውስጥ ነው። ግሉክም ይህን ተረድተው ቲቢ ባለበት መገጣጠሚያ ዘዴው ሊሠራ እንደማይገባው ወደ መቀበል ደርሰዋል።

የሕፃናቱ ሆስፒታልና የማንቁርት ቀዶ ሕክምና

ከ1890 ጀምሮ ግሉክ በበርሊን አዲስ በተከፈተው በንጉሠ ነገሥትና በንግሥት ፍሪድሪክ ስም በተሰየመው የሕፃናት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምናው ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠሩ። ሆስፒታሉ በሕፃናት ሐኪሙ በአዶልፍ ባጊንስኪ ጥረትና በፊርኾ ድጋፍ የተመሠረተ ነው። ከመገጣጠሚያ ተከላው ፊታቸውን መልሰው ሌላ ከባድ መስክ ያዙ። ይኸውም የማንቁርት ካንሰር ነበር።

ማንቁርትን ሙሉ በሙሉ የማውጣት ቀዶ ሕክምና በቪየና በቢልሮት እጅ በ1873 ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በሽተኞች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምራቅና ደም ወደ ሳንባቸው እየገባ በሳንባ ምች ይሞቱ ነበር። ግሉክ የመተንፈሻውን ቧንቧ ከጉሮሮ ለይተው በአንገት ቆዳ ላይ በመስፋት ሁለቱን መንገዶች ለዩአቸው። ይህን ዘዴ ከባልደረባቸው ከዮሐንስ ሶረንሰን ጋር ለዓመታት እያሻሻሉ የሟቾችን ቁጥር በእጅጉ ቀነሱ። ዛሬም የሁለቱ ስም በጉሮሮ ቀዶ ሕክምና መጻሕፍት ተጣምሮ ይገኛል።

ሆስፒታሉ በስሙ የተሰየመለት ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪክ ሦስተኛ በ1888 የሞተው በዚሁ በማንቁርት ካንሰር ነው። ቤርግማን በጊዜው በቀዶ ሕክምና ለማከም ፈልገው፣ በሐኪሞች መካከል በተነሣ ክርክር ሳይሆን ቀርቷል። በአንዱ መስክ በቤርግማን የተገፉት ሰው በሌላው መስክ የቤርግማንን ዘመን ትልቅ ቁስል ለማከም በቁ። ቤርግማን በ1907 ሲሞቱ ግሉክ ገና በሥራ ላይ ነበሩ። እሳቸው ረጅም ዕድሜ ኖረው ኤፕሪል 25 ቀን 1942 በጦርነት ውስጥ በነበረችው በርሊን በ88 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከግሉክ በኋላ፤ ቁስና መድኃኒት ሲገናኙ

ግሉክ የጎደላቸውን ነገር ሌሎች በዚያው ዘመን ከሌላ አቅጣጫ ሲፈልጉት እናያለን። በአሜሪካ ኒኮላስ ሰን በ1889 ኖራው የወጣለት አጥንት በጸረ ጀርም አጣጥበው የአጥንት ክፍተት ሞሉበት። በጀርመን አገር በቦን ከተማ ድሬስማን በ1892 ጀሶን ከካርቦሊክ አሲድ ጋር ለውሰው በስምንት በሽተኞች የአጥንት ጉድጓድ ውስጥ በመጨመር ብዙዎቹ እንደዳኑ አስታወቁ። ዛሬ መድኃኒት የተጫነበት ሴራሚክ የምንለው ነገር ታሪኩ ከዚህ ይጀምራል ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ1920 ደግሞ አሜሪካዊው ፍሬድ አልቢ ከሞሪሰን ጋር የካልሲየም ፎስፌት ጨው በተሰበረ አጥንት መካከል ሲጨመር የአጥንትን እድገት እንደሚያፋጥን በእንስሳት ሙከራ አሳዩ።

የጎደለው ዋናው ነገር የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። የቲቢን ባሲለስ በእርግጥ የሚገድለው የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ስትሬፕቶማይሲን በአሜሪካ በሩትገርስ በዋክስማን ላቦራቶሪ በአልበርት ሻትስ እጅ የተገኘው በ1943 ነው። ግሉክ ካረፉ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። በ1952 ኢሶኒያዚድ ተከተለ፤ ሪፋምፒሲንም በ1960ዎቹ መጣ። ቁሱና መድኃኒቱ በአንድነት ወደ አጥንት የገቡበት ትልቁ እርምጃ በሐምቡርግ ተወሰደ። በ1970 ቡኽሆልትስና ኤንግልብሬኽት ጄንታማይሲንን በአክሪሊክ ሲሚንቶ ውስጥ በመቀላቀል መድኃኒቱ ከሲሚንቶው ቀስ በቀስ እየወጣ በዙሪያው ያለውን ባክቴሪያ እንደሚገድል አሳወቁ።

አክሪሊክ ሲሚንቶ ግን አይሟሟም። በመድኃኒት መያዣነት በዶቃ መልክ የገባው ሥራውን ሲጨርስ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መውጣት ይኖርበታል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ጀሶና ወደ ካልሲየም ፎስፌት ተመለሱ። ከነዚህ የሚሠሩት ርብራቦች ጠባያቸው ይለያያል። ጀሶ በሳምንታት ውስጥ ይሟሟል፤ ትራይካልሲየም ፎስፌት ብዙ ወራት ይቆያል፤ ሃይድሮክሲአፓታይት ዓመታት ይኖራል። ስለዚህ እያቀላቀሉ የሚሟሟበትን ጊዜ አዲሱ አጥንት ከሚበቅልበት ጊዜ ጋር ማመሳሰል የባለሙያው ጥበብ ሆነ። አጥንት በቀዳዳው ውስጥ እንዲበቅል ቀዳዳው ቢያንስ መቶ ማይክሮሜትር ገደማ መሆን ይገባዋል፤ የደም ሥር ይዞ እንዲገባ ደግሞ ሦስት መቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ነገር ግን ቀዳዳው በሰፋና በበዛ መጠን የርብራቡ ጥንካሬ ይቀንሳል።

መድኃኒቱን መጫንም የራሱ ችግር አለው። ሴራሚክ የሚጠነክረው ከሺህ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ሲጠበስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ ከጥሬው ጋር ሊቀላቀል አይችልም፤ ይቃጠላል። ስለዚህ ወይ ሴራሚኩ ከተጠበሰ በኋላ ቀዳዳዎቹ መድኃኒቱን እንዲመጡ ይደረጋል፤ ወይ በአካል ሙቀት የሚጠነክር የካልሲየም ሲሚንቶ ይመረጣል። ከተተከለም በኋላ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በብዛት ይለቀቅና ከዚያ ጅረቱ እየሳሳ ይሄዳል። የመጀመሪያው መጠን ከበዛ አጥንት ሠሪ ሕዋሳትን ይጎዳል፤ የመጨረሻው ከሳሳ ደግሞ ባክቴሪያው ሳይሞት መድኃኒቱን ይላመዳል። ቢሆንም በደም ከሚደርሰው እጅግ የሚበልጥ መጠን በቦታው ላይ ማድረስ መቻሉ፣ ደም ለማይደርስበት ለሞተ አጥንት ትልቅ ጥቅም ነው። ጄንታማይሲን የተጫነባቸው የጀሶና የካልሲየም ፎስፌት ቁሶች ለሥር ሰደድ የአጥንት ኢንፌክሽን በሕክምና ላይ ውለዋል። የግሉክ ጠላት ለነበረው ለአጥንት ቲቢ ግን ኢሶኒያዚድና ሪፋምፒሲን የሚሸከሙ ርብራቦች በአብዛኛው በምርምር ደረጃ ላይ ያሉ ሲሆኑ፣ ለወራት የሚወሰደውን መደበኛ መድኃኒት የሚያግዙ እንጂ የሚተኩ አይደሉም።

ማን ትክክል ነበር?

የግሉክን ታሪክ የሚያነብ ሁሉ በቤርግማን ላይ መፍረድ ይቀናዋል። ፍርዱ ግን ሚዛናዊ መሆን ይገባዋል። ቤርግማን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቁስል መመረዝ ጋር የታገሉ ሰው ናቸው። በቲቢ በተበላ ጉልበት ውስጥ ትልቅ ባዕድ ነገር መክተት የሚያስከትለውን አደጋ ከማንም በፊት ማየት ይችሉ ነበር፤ አይተውታልም። ውጤቱ የመሰከረው ለእሳቸው ነው። ስለ በሽተኛው የነበራቸው ስጋት ትክክል ነበር።

ያልተገባው ግን ዝም ማሰኘታቸው ነው። ሥራው በጉባኤው ፊት ቀርቦ ቢሆን፣ የዓለም ቀዶ ሐኪሞች ስለ መገጣጠሚያው ቅርጽ፣ ስለ ሲሚንቶው፣ ከሁሉም በላይ ስለ መግሉ በጠየቁና በተከራከሩ ነበር። ንጹሕ በሆነ፣ በአደጋ በተሰበረ መገጣጠሚያ ላይ ይሞከር የሚል ሐሳብ ይነሣ ይሆን ነበር። መድኃኒት ከቁሱ ጋር ይሂድ የሚለው የሰንና የድሬስማን ሐሳብም ከግሉክ ሥራ ጋር ሊገናኝ በቻለ ነበር። ይህ ሳይሆን የመገጣጠሚያ ተከላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተዳፍኖ ቆየ። የግሉክ ስም በሰፊው የተነሣው ከሞቱ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ በ1992 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ስለ እሳቸው ያወጣው ጽሑፍ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021–2025 ባወጣው ከፍተኛ የቲቢ ጫና ባለባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ትገኛለች። በአከርካሪ ቲቢ የተጎበጠ ሕፃን፣ በሥር ሰደድ የአጥንት ኢንፌክሽን ዓመታት የሚመግል እግር ለሐኪሞቻችን እንግዳ አይደሉም። መድኃኒት የተጫነበት ሴራሚክ ሲመጣልን ዋጋውን፣ መጠኑንና የሚለቀቅበትን ጊዜ ጠይቀን መቀበል ይኖርብናል። ከዚህም ይልቅ የከሸፈውን በሽተኛ መዝገብ ከተሳካው ጋር እኩል አንሥተን በማኅበራችን ጉባኤ ላይ ማቅረብ ይገባናል። ወጣት ባልደረባችን ያልበሰለ የሚመስል ሥራ ይዞ ሲቀርብ በሽተኛው እንዳይጎዳ ሥራውን መግታት ይቻላል፤ ተገቢም ነው። አፉን መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው።

ፕሮፌሰር ግሉክ ጉባኤውን ቢያጡም ጽሑፋቸውን አላስቀሩም። መገጣጠሚያዎቻቸው ከአጥንቱ ወጥተው ቢጣሉም፣ እንዴት እንደተሠሩ፣ በምን እንደተጣበቁ፣ ለምን እንደመገሉ በ1891ዱ ጽሑፍና ከዚያ ወዲህ በተዉት ቃል ተመዝግቦ ቀርቷል። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሠራተኞች ርብራቡን ያቆሙት በዚህ መዝገብ ላይ ተንተርሰው ነው።